ምዕራፍ ሰባት፦ የሽመል ቀጠሮ

በአሶሳ ዙሪያ ሽመል፣ የቆላው ቀርከሃ፣ ማበብ ሲጀምር ብዙ ሰው የሚታየው ሞት ነው። ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው ከከርሞ ወዲያ ማገርና ወጋግራ ከየት እንደሚያመጣ ያሰላል፤ ከብት ያለው ቅጠሉን የሚቀነጥስበት ደን ሊጠፋበት መሆኑን ይረዳል፤ መሬት ፈላጊው ደግሞ ቦታው ሊለቀቅ ነው ብሎ ይጠባበቃል። ስጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሽመል በዕድሜው አንድ ጊዜ በሰፊው አብቦ፣ ዘሩን አራግፎ፣ ከነሥሩ የሚደርቅ ተክል ነው፤ ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማም በአሶሳና በመተከል ሰፋፊ የሽመል ደን እንዲህ ሆኖ ደርቋል። እኔ የምከራከረው ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ከአበባው ወር አንስቶ እስከ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው በጋ ድረስ ያለው ጊዜ የደኑ ዕጣ በሰው እጅ የሚወድቅበት ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት ዘሩን የለቀመና መሬቱን ከእሳት የጠበቀ አዲስ ትውልድ ያገኛል። ዘሩን ንቆ ከቀሩት እግሮች ግንጣይ እየቆፈረ የሚተክል ግን፣ ችግኙ ትንሽ ቢመስለውም፣ የሚተክለው ያረጀ ተክል ሊሆን ይችላል።

አስቀድሞ ተክሉን መለየት ያስፈልጋል። በደጋው፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ወዲያ፣ በአዊም ሆነ በሲዳማ የሚታየው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው። የቆላው ሽመል ሌላ ዝርያ ነው፤ ከ500 እስከ 1,800 ሜትር ባለው ከፍታ ይበቅላል፣ ዘንጉም ውስጡ ድፍን ነው ወይም ለድፍን የቀረበ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ የኢትዮጵያን የቀድሞ መጠሪያ ይዟል፤ ተክሉ ግን ከሴኔጋል እስከ ኤርትራ፣ ወደ ደቡብም እስከ ሞዛምቢክ ይገኛል። የአገራችን የቀርከሃ ሀብት አንድ ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው የሚለው ለዓመታት ሲጠቀስ የኖረ ግምት ከ80 በመቶ በላዩን ለሽመል ይሰጣል፤ የሽመሉም ዋና መገኛ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። በርታውም፣ ጉሙዙም፣ ሺናሻውም፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥቶ የሰፈረውም ሰው ቤቱን፣ አጥሩን፣ አልጋውን፣ ጎተራውንና የንብ ቀፎውን የሚሠራው በዚሁ ዘንግ ነው። ዝናቡን ጠብቆ ከሰኔ በኋላ ከመሬት ብቅ የሚለው ለጋ ቡቃያ ደግሞ ተልጦ፣ ተቀቅሎ ይበላል። እንዲህ ያለ ተክል በአንድ ወረዳ በአንድ ጊዜ ሲደርቅ ጓዳም፣ ግቢም፣ ገበያም ይነካል።

ሽመል ከመሬት በታች ራይዞም የሚባል አጭርና ወፍራም ግንድ አለው። አንድ እግር ሽመል ብለን የምንቆጥረው ከዚህ ግንድ የወጡትን ዘንጎች በሙሉ ነው። ዘንጎቹ በየዓመቱ እየወጡ በየጊዜው ይቆረጣሉ፤ አንዱ ዘንግ ሦስት ዓመት ሲሞላው ለሥራ ይደርሳል፣ ጎረቤቱ ገና ቡቃያ ነው። ዓይን የሚያየው ይህን የዘንግ ዕድሜ ነው። የአበባውን ጊዜ የሚወስነው ግን የእግሩ ጠቅላላ ዕድሜ ነው፤ እሱም ከዘር ከበቀለበት ዕለት ጀምሮ ይቆጠራል። ስለዚህ ትናንት የወጣ ለምለም ዘንግም ቢሆን እናቱ ስታብብ አብሮ ያብባል፣ አብሯት ይደርቃል። ግንጣይ ማለት ከዚህ እግር ተቆርሶ የተወሰደ ቁራጭ ስለሆነ አዲስ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ቆጠራውን ከዜሮ አይጀምርም።

ለዚህ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ማስረጃ የሚገኘው ከአሶሳ እጅግ በራቀ ቦታ፣ በአውሮፓ የአትክልት ስፍራዎች ነው። እንግሊዛዊው ተክል ሰብሳቢ ኧርነስት ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1907 ከመካከለኛው ቻይና ተራሮች የአንድ ብርድ ቻይ ቀርከሃ ናሙና ወደ አሜሪካው አርኖልድ አርቦሬተም ላከ፤ ተክሉ በኋላ በልጁ በሙሪየል ስም ፋርጌሲያ ሙሪዬሌ ተባለ። ከዚያ የተገኘ አንድ ተክል በ1913 ለንደን ወደሚገኘው የኪው የአትክልት ስፍራ ተሻገረ። አትክልተኞች ከዚያ ከአንዱ እየገነጠሉ ለጎረቤት፣ ጎረቤትም ለሌላ አገር እየሰጠ፣ በአውሮፓ ቀዝቃዛ አገሮች ሁሉ ተሰራጨ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ ባሉት ዓመታት ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ተክል፣ በዴንማርክም ሆነ በእንግሊዝ፣ በአሮጌ መናፈሻም ሆነ ከችግኝ ሻጭ በቅርቡ በተገዛ ማሰሮ ውስጥ፣ አበበና ደረቀ። አፈሩ፣ አየሩና ባለቤቱ የተለያየ ነበር፤ አንድ የነበረው ዕድሜው ነው። ዛሬ በአውሮፓ ገበያ የሚሸጠው የዚህ ዝርያ ችግኝ ከዚያ አበባ በተለቀመ ዘር የተነሣ ነው፤ ዘሩን እንደ ቆሻሻ ጠርገው የጣሉት እንደገና ገዝተው ተክለዋል።

በቀዝቃዛ አገር በጋ ላይ የሚያብቡ፣ አይሪስ የሚባሉ አንዳንድ አበቦችን የሚያለሙ አትክልተኞችም ወደዚሁ ድምዳሜ የደረሱት በሌላ መንገድ ነው። ከሳይቤሪያ፣ ከሞንጎሊያና ከሰሜን ቻይና የመጣው አይሪስ ዲኮቶማ አበባው ከሰዓት በኋላ ተከፍቶ በዚያው ምሽት ተጠምዝዞ ይዘጋል፤ ተክሉ ራሱም ጥቂት ዓመት ብቻ ኖሮ ይጠፋል። እንደ ሌሎቹ አይሪሶች ሥሩን እየከፈሉ ለዘለዓለም ማኖር ስለማይቻል ልምድ ያለው ሰው በየዓመቱ ጥቂት ዘር ይዘራል። ዘሩን በመከር መሬት ላይ ይበትነዋል፤ የበረዶው ወራት ብርድ የዘሩን እንቅልፍ ይሰብርለታል፤ ሙቀት ሲመለስ ይበቅላል፣ ብዙ ጊዜም በሁለተኛው ዓመት ያብባል። በአሶሳ ብርዱ የለም፤ በቦታው ያለው ረዥሙ በጋ ነው። የሽመል ዘር ደረቁን ወራት መሬት ላይ ተኝቶ ያሳልፍና የግንቦት ዝናብ ሲነካው ይነቃል። በአይሪሱና በሽመሉ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት ሰፊ ነው፤ አንዱ በጣት በሚቆጠሩ ዓመታት፣ ሌላው በአሥርት ዓመታት ይለካል። የሚያመሳስላቸው ዝርያው ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገረው በዘር መሆኑ ነው፤ መገንጠል ያለውን ዕድሜ ያካፍላል እንጂ አይጨምርም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፣ ቀላልም አይደለም። ግንጣይ ፈጣን ነው፤ ወፍራም ሥር ይዞ ስለሚተከል ለአገልግሎት የሚበቃ ዘንግ ከዘር ችግኝ ቀድሞ ይሰጣል፤ ዘርም በፈለጉ ጊዜ አይገኝም፣ ሽመል ባላበበበት ዓመት ዘር ከየት ይመጣል? እውነት ነው። ደኑ በጎልማሳነቱ ሳለ፣ አበባው ሩቅ በሆነበት ጊዜ፣ ከግንጣይ መትከል ተገቢ ሥራ ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ሽመል ደግሞ እንደ ፋርጌሲያ ሙሪዬሌ በአንድ ቀጠሮ የታሰረ አይደለም፤ ከዋናው አበባ በፊትም በኋላም እዚህና እዚያ ብቻቸውን የሚያብቡ እግሮች አሉት፣ ወረዳም ከወረዳ ይቀዳደማል። ችግሩ ግንጣይ በብዛት የሚፈለገው ደኑ መሳሳት በጀመረበት፣ ማለትም ለአበባው በቀረበበት ጊዜ መሆኑ ላይ ነው። አንድ እግር ለመገንጠል ዙሪያውን መቆፈር፣ ራይዞሙን በገጀራ መቁረጥ፣ ከነአፈሩ መሸከም ይጠይቃል፤ አንድ ሰው በቀን የሚያወጣው ጥቂት ነው፤ እናት ተክሏም ትጎዳለች። ይህ ሁሉ ድካም ጥቂት ዓመት ብቻ ለቀረው ተክል ከዋለ ገበሬው ሁለት ጊዜ ከሰረ። አብቦ በደረቀ ወረዳ ላይ የተረፉትን አረንጓዴ እግሮች ተሻምቶ መገንጠል፣ እኔ እስከሚገባኝ፣ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው።

ታዲያ ዘሩ ምን ይመስላል? ያበበ ሽመል ቅጠሉን ያራግፍና በየአንጓው ላይ እሾህ የመሰሉ ሹል ቅርፊቶች የታጨቁባቸው ድቡልቡል ራሶች ያወጣል፤ በባዶ እጅ ሲይዙት ይወጋል። ፍሬው በእነዚህ ቅርፊቶች መካከል የተሸሸገ ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ጫፉ የሾለ የሣር ፍሬ ነው፤ አጃ የሚያውቅ ሰው አይደናገረውም። ድቡልቡሉን ራስ ያየ ሰው ሁሉ ዘር አገኘሁ ብሎ እንዳይቸኩል፤ ብዙው ቅርፊት ባዶ ነው። ሽመል የሚራባው በነፋስ በሚበን ብናኝ ስለሆነ ብቻውን ያበበ እግር በዙሪያው የሚቀባበለው ጎረቤት የለውም፣ ፍሬውም አነስተኛ ይሆናል። ስለዚህ ዘር የሚለቀመው ደኑ በጅምላ ካበበበት ቦታ ነው። ከእግሩ ሥር ያለውን ሣርና ቅጠል ጠርጎ፣ ዘንጉን ነቅንቆ፣ የወደቀውን ሰብስቦ፣ በሰፌድ አንፍሶ፣ ጥቂቱን በጥፍር ጫን ብሎ መሞከር ይበቃል፤ ሙሉው ጥፍር ይመልሳል፣ ባዶው ይሰነጠቃል።

ከዚህ በኋላ ጊዜ ወሳኝ ይሆናል። የቀርከሃ ዘር እንደ ማሽላ ዘር በጎታ ተቀምጦ ዓመት ዓመትን አይሻገርም። ትኩስ ሲሆን በብዛት ይበቅላል፤ በቆላ ሙቀት በከረጢት ከተቀመጠ ግን በወራት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። በደንብ ደርቆ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ታሽጎ፣ በማቀዝቀዣ ከተቀመጠ ዕድሜው ይረዝማል። በአሶሳና በፓዊ ያሉት የግብርና ምርምር ማዕከላት ለገበሬው ሊሠሩለት ከሚችሉት ጠቃሚ ሥራ አንዱ፣ ከአንድ የአበባ ዘመን የተለቀመን ዘር እንዲህ አድርጎ ማቆየት ይመስለኛል። ገበሬው ራሱ የሚዘራ ከሆነ ግን የበጋውን ዘር በዚያው ዓመት ዝናብ መዝራት አለበት። በመደቡ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ፈር ይዘራል፤ በሣር ይሸፈናል፤ ከጠራራ ፀሐይ የሚጠብቀው ዳስ ይጣልበታል። ሲበቅል ችግር የሚፈጥረው መልኩ ነው፤ የመጀመሪያ ቅጠሎቹ ከማንኛውም ሣር አይለዩም፤ አረም የሚያርም ልጅ ሽመሉን ነቅሎ ሣሩን ቢተው አይፈረድበትም። በሳምንታት ውስጥ ከግንዱ ሥር ሌላ ቡቃያ ይወጣል፤ የሚቀጥለው ከፊተኛው ይረዝማል፣ ይወፍራልም። ተክሉ የሚያድገው አንዱን ዘንግ እያወፈረ አይደለም፤ በየጊዜው የተሻለ ዘንግ እያወጣ ነው፤ ለማገር የሚሆን ዘንግ እስኪሰጥ ድረስም ዓመታት ይወስዳል። ዘር ላይ የሚቀርበው ቅሬታ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ለምን ግን ተክሉ ይህን ያህል ቆይቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያወጣል? አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ሊቅ ዳንኤል ጃንዘን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ የሰጠው መልስ ዛሬም ይጠቀሳል፦ ዘሩ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ቢወድቅ አይጥና ወፍ ይጨርሱት ነበር፤ በአንድ ጊዜ ሲዘንብ ግን በላተኛው ጠግቦ ይተርፋል። የዚህ ክፉ ገጽታ በሕንድ ሚዞራም ታይቷል። በዚያ የሚበቅለው ቀርከሃ በ48 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ያብባል፤ እ.ኤ.አ. በ1958 እና 1959 ሲያብብ አይጡ በፍሬው ተራብቶ፣ ፍሬው ሲያልቅ ወደ ሩዝ ማሳው ዞረ፤ ረሃብ ሆነ። መንግሥት ቸል ብሎናል ያሉ ሰዎች ያቋቋሙት የረሃብ ተከላካይ ማኅበር በ1961 የፖለቲካ ድርጅት ሆነ፣ በ1966 ጦር አነሣ፤ ሰላም የወረደው በ1986 ነው። አበባው በ2006 እና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሲመለስ ግን ባለሥልጣኖቹ ቀኑን ያውቁት ስለነበር አስቀድመው ተዘጋጅተዋል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሽመሉ በወረዳ እየተቀዳደመ ስለሚያብብ ይህን የመሰለ ጥፋት ይመጣል ብሎ ማስፈራራት አስፈላጊ አይመስለኝም። ቢሆንም የአበባ ወሬ ሲሰማ የጎተራውን እግር ከፍ ማድረግና አይጥ እንዳይወጣበት መከለል ብዙ ወጪ አያስወጣም።

ከአይጥ ይልቅ የሚያሰጋው እሳት ነው። በክልሉ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሣሩ በየዓመቱ ይቃጠላል፤ አንዳንዱ ለአደን፣ አንዳንዱ ለማሳ ምንጠራ፣ አንዳንዱ ለከብት አዲስ ሣር እንዲያበቅል፣ አንዳንዱም ከእጅ አምልጦ። የጎለመሰ ሽመል ይህን ይችለዋል፤ ላዩ ቢቃጠል ራይዞሙ መሬት ውስጥ ተደብቆ በክረምት መልሶ ያወጣል። የአንድ ዓመት ችግኝ ግን የሚደበቅበት ጥልቅ ሥር ገና አላበጀም። እዚህ ላይ ሳይንስ የሚያውቅ አንባቢ ሊቃወመኝ ይችላል፤ ኪሊና ቦንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረቡት መላ ምት ቀርከሃ በጅምላ የሚሞተው ደረቁ አገዳ እሳት ጠርቶ ጥላ የሚጥሉትን ዛፎች እንዲጠርግለት፣ ለችግኙም ብርሃን እንዲከፍትለት ነው ብለዋልና። መላ ምቱ ራሱ በሌሎች ተመራማሪዎች ተተችቷል፤ ትክክል ነው ብንል እንኳ የሚናገረው ስለ አንድ ጠራጊ እሳት ነው። ችግኙ ከበቀለ በኋላ በየበጋው ስለሚመለስ እሳት አይናገርም። የመጀመሪያው እሳት ቦታ ቢከፍት፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚያጠፉት ራሱን የሽመሉን ልጅ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው እሳትን ከክልሉ ማስወገድ አይደለም፤ ያ አይሆንም፣ የሰዉም ኑሮ አይፈቅደውም። የሚጠየቀው በደረቀው ደን ዙሪያ ብቻ እሳት መከላከያ መስመር ጠርጎ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት በጋ መጠበቅ ነው። ለሥራ የሚሆነውን ደረቅ ዘንግ ነቀዝ ሳይገባው ቆርጦ ማውጣትም የሚነደውን ያቀላል፣ ገቢም ያመጣል፤ ቆራጩ ችግኙን እንዳይረግጥ ዝናቡ ሳይጀምር ቢጨርስ ይመረጣል።

መሬት ፈላጊው የሚያነሣው ሙግት በሌላ በኩል ይመጣል። ደኑ ሞቷል፣ ባለቤቱም ትቶታል፣ ሰሊጥና አኩሪ አተር ቢዘራበት ምን ነውር አለው ይላል። የእርሻ መሬት አያስፈልግም የሚል የለም፤ ክልሉ በእርሻ የሚኖር ነው። ግን አብቦ የደረቀ የሽመል ቦታ ባዶ የሚመስለው ለአንድ በጋ ብቻ ነው። በአፈሩ ላይ የወደቀው ዘር ዝናብ እስኪያገኝ አይታይም፤ ትራክተሩ የሚገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዝናቡ በፊት ነው። ስለዚህ መሬቱ ተጠንቶ ለእርሻ ይሰጥ ወይስ ደን ሆኖ ይቆይ የሚለው ውሳኔ ቢያንስ አንድ ክረምት አልፎ፣ ችግኙ መብቀሉ ታይቶ ሊወሰን ይገባል። ሽመል የሚይዘው መሬት አብዛኛው ተዳፋትና ገላጣ ነው፤ ጎርፉም የሚወርደው ወደ ዓባይና ወደ ገባሮቹ፣ በመጨረሻም ጉባ ላይ ወደተሠራው ግድብ ሐይቅ ነው። የሽመልን ሥር ነቅሎ ተዳፋቱን ማረስ የሚያስከትለውን ደለል የሚሸከመው ከአራሹ ሌላ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የራሴው ክርክር የሚያስከትለው ነው። በአንድ ዓመት ዘር የተነሣ ደን ዕድሜው አንድ ስለሚሆን በአንድ ጊዜ መልሶ ያብባል፤ ታዲያ ችግሩን ለልጅ ልጅ አስተላለፍን እንጂ ምን ፈታን? ይህን ተቃውሞ የሚያቃልል አንድ ነገር አለ፤ ወረዳዎቹ በተለያየ ዓመት ማበባቸው። በባምባሲ የተለቀመን ዘር ወደ ዲባጤ፣ ከሆሞሻ ወደ ማንዱራ ማሸጋገር ቢቻል በአንድ ቀበሌ ውስጥ ዕድሜያቸው የተለያየ እግሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ቤት ይሠራል። ይህ ግን መዝገብ ይፈልጋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በአገሪቱ ብዙ ችግኝ ተተክሏል፤ ስለ ሽመል ሲሆን የተተከለው ቁጥር ብቻውን የሚነግረን ትንሽ ነው። የችግኝ ጣቢያው ሠራተኛ ደብተሩ ላይ ሦስት ነገር ቢጽፍ ይበቃል፦ እናት ተክሏ የነበረችበት ቀበሌ፣ ችግኙ ከዘር ወይስ ከግንጣይ መሆኑ፣ ከዘር ከሆነም ዘሩ የወደቀበት ዓመት።